በውስጣችን ያለው አየር መንገድ

የበዓል በግ ታርዶ ሆዱ ሲከፈት ጨጓራውና ጉበቱ ወደ ዱለት ይሄዳል፣ ቆዳው ገዥ ይጠብቀዋል፣ ሳንባው ግን በብዙ ቤት ለውሻ ወይም ለድመት ይጣላል። ከመጣሉ በፊት አንድ ጊዜ በእጅ ይዞ ማየት ደግ ነው። መልኩ ሮዝ ነው፤ ለመጠኑ ቀላል ነው፤ ውሃ ላይ ቢጥሉት ይንሳፈፋል። ከላዩ የተንጠለጠለው ቧንቧ ቀለበት በቀለበት የሆነ፣ በጣት ሲጫኑት በቀላሉ የማይሟሽሽ ነገር ነው። ልብ ላይ የምናየው ዓይነት ወፍራም ጡንቻ ግን ሳንባው ላይ የትም አይገኝም። የሰውም ሳንባ እንዲሁ ነው፤ ራሱን ዘርግቶ አየር የሚያስገባበት ጡንቻ የለውም። በቀን ወደ 20,000 ጊዜ የሚነፋው በሌላ አካል ጉልበት ነው።

ብዙዎቻችን አየርን በአፍንጫችን ስበን የምናስገባ፣ የገባውም አየር ደረታችንን የሚነፋው ይመስለናል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ደረት ይሰፋል፤ አየሩ የሚገባው ቦታ ስለተገኘለት ነው። የቀጥቃጭ ወናፍም የሚሠራው እንዲሁ ነው፦ ቆዳው ሲነሣ ውስጡ ይሰፋል፣ ነፋሱ ይገባል፣ ሲጫኑት ይወጣል። በእኛ ደረት ውስጥ የዚያን ቆዳ ሥራ በዋናነት የሚሠራው ድያፍራም ነው፤ ደረትን ከሆድ የሚለይ ሰፊና ስስ ጡንቻ። ሥራ ሲፈታ ወደ ላይ ጎብጦ ይቀመጣል፤ ሲኮማተር ደግሞ ወደ ታች ወርዶ የሆድ ዕቃን ወደ ፊት ይገፋል። የተኛ ሕፃን ሲተነፍስ ከደረቱ ይልቅ ሆዱ ከፍ ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው። በጎድኖች መካከል ያሉት ጡንቻዎችም ጎድኖቹን ወደ ላይና ወደ ውጭ ያነሣሉ።

ሳንባ ከደረት ግድግዳ ጋር አልተሰፋም። በሁለቱ መካከል እርጥብና ስስ ሽፋኖች አሉ፤ በሽፋኖቹ መካከል ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ስለሆነ ደረት ሲሰፋ ሳንባው ተከትሎ ይሰፋል። ደረቱን በስለት የተወጋ ሰው ሳንባው የሚሰበሰበው በቀዳዳው የገባው አየር ይህን ዝቅተኛ ግፊት ስለሚያጠፋው ነው። ለዚህ ሁሉ ሥራ የሚያስፈልገው የግፊት ልዩነት ደግሞ ትንሽ ነው። ተቀምጠን ስንተነፍስ በሳንባችን ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለው ልዩነት የአንድ በመቶ ሩብ እንኳ አይሞላም። ማስወጣቱማ በዕረፍት ጊዜ ጭራሽ ጉልበት አይጠይቅም፦ ጡንቻዎቹ ሲለቁ የተለጠጠው ሳንባ በራሱ ይሰበሰባል። የሆድ ጡንቻዎች የሚያግዙት ስንሮጥ፣ ስንስል ወይም ሻማ እፍ ስንል ነው።

አየር በሁለት መንገድ ሊገባ እንደሚችል፣ ማለትም ደረትን ከውጭ በማስፋት ወይም አየሩን ራሱን በመግፋት፣ በግልጽ የታየው በዴንማርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ውስጥ ከባድ የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሣ። በሽታው የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ሲያሽመደምድ ሕሙማኑ እያወቁ ይታፈኑ ነበር። የዘመኑ መሣሪያ «የብረት ሳንባ» ይባላል፤ ሰውየውን እስከ አንገቱ የሚውጥ ሲሊንደር ሲሆን በውስጡ ያለውን ግፊት ዝቅ እያደረገ ደረቱን ያሰፋለታል። ሕሙማኑ የተኙበት ሆስፒታል ያለው ግን አንድ ብቻ ነበር፤ መተንፈስ ካቃታቸው የመጀመሪያዎቹ 31 ሕሙማንም 27ቱ ሞቱ። በዚህ ጊዜ ብዮርን ኢብሰን የሚባል የማደንዘዣ ሐኪም በአንዲት የ12 ዓመት ልጅ አንገት ላይ ቀዳዳ አስከፍቶ በጎማ ከረጢት አየር በእጅ እየጨመቀ አስገባላት። ልጅቷ ዳነች። ከዚያም 1,500 ገደማ ተማሪዎች በፈረቃ ቀን ከሌት ከረጢት ሲጨምቁ ከረሙ፤ የሟቾቹም ቁጥር በእጅጉ ወረደ። ዛሬ በየከተማው የምናውቀው የጽኑ ሕሙማን ክፍል የተወለደው እዚያ ነው።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። ከፊታችን ላይ የሚታየው አፍንጫ ከጠቅላላው ትንሹ ክፍል ነው። ከሁለቱ ቀዳዳዎች ጀርባ እስከ ጉሮሮ የሚደርስ ክፍተት አለ፤ በእያንዳንዱ በኩል ከግድግዳው የሚወጡ ሦስት ጥቅል አጥንቶች ያጠቡታል። አየሩ በእነዚህ መካከል እየተጠማዘዘ ሲያልፍ እርጥብ ሥጋ ሳይነካ አይወጣም። ከሥጋው ሥር ብዙ ደም ይዘዋወራል፤ አፍንጫ በጥቂቱ ተመትቶ የሚነስረውም ለዚህ ነው። ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ በማለዳ የተሳበ ውርጫማ አየር በዚህች አጭር መንገድ ብቻ ወደ ሰውነት ሙቀት ይጠጋል። ሰመራ ላይ ደግሞ ከ40 ዲግሪ ያለፈው አየር እዚያው ይበርዳል። ሁለቱም ወደ ሳንባው ጥልቀት ሲደርሱ 37 ዲግሪ ሆነው፣ የሚችሉትን ያህል እርጥበት ተሸክመው ነው። ሳንባ ደረቅ አየር አይወድም።

አፍንጫ ያጣራልም። ትልልቁን አቧራ ፀጉሩ ይይዘዋል፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ የሚበልጠው ብናኝ ደግሞ አብዛኛው ንፍጡ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። በጭንቅላት አጥንት ውስጥ ካሉት ክፍተቶች የሚመነጭ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝም ከአየሩ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ እዚያም የደም ሥሮችን ያላላል። በአፍ የሚተነፍስ ሰው ይህን ሁሉ ያጣል። አፍ የአደጋ ጊዜ በር ነው፤ ለሩጫና ለጉንፋን ይጠቅማል፣ ለዘወትር ግን አልተሠራም። ልጅዎ ሌሊት ሌሊት አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋ ከሆነ ከአፍንጫው ጀርባ ያበጠ ነገር ሊኖር ይችላልና ለሐኪም ያሳዩት።

በነገራችን ላይ ሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች እኩል አይሠሩም። በየጥቂት ሰዓቱ አንደኛው ጠበብ፣ ሌላው ሰፋ እያለ ይፈራረቃሉ። አሁኑኑ አንዱን በጣትዎ ደፍነው በሌላው ይተንፍሱ፤ ከዚያ ይለዋውጡት። ልዩነቱ ይታወቅዎታል።

ከአፍንጫ ጀርባ የሚገኘው ጉሮሮ ሁለት መንገዶች የሚቋረጡበት ቦታ ነው። አየር ከላይ ከኋላ ይመጣና ወደ ፊተኛው ቧንቧ ይገባል፤ ምግብ ከፊት ከአፍ ይመጣና ወደ ኋለኛው ይወርዳል። ማንም መሐንዲስ እንዲህ ያለ ዕቅድ ቢያቀርብ ተቀባይ የሚያገኝ አይመስለኝም። ግን ይሠራል። ምራቅዎን ሲውጡ ማንቁርትዎን በጣት ይዘው ይሞክሩት፦ ወደ ላይ ይዘላል። በዚያች ቅጽበት ለስላሳው ላንቃ ከነእንጥሉ ተነሥቶ የአፍንጫን ጀርባ ይዘጋል፣ የማንቁርት ክዳን ይከደናል፣ ከክዳኑ ሥር ያሉት የድምፅ አውታሮች ይገጥማሉ፣ ትንፋሽም ለአንድ ሰከንድ ያህል ይቆማል። ጉርሻ አፉ ውስጥ ይዞ የሚስቅ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ያዛባዋል፤ ያኔ ትን ይለዋል። በማዕድ ላይ ወሬ የሚከለክሉ አያቶች ሳይንሱን ባይነግሩንም ምክራቸው ትክክል ነበር።

እንጥልን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በአገራችን «እንጥሉ ወርዶ ያንቀዋል» እየተባለ ሕፃናትን በባሕላዊ መንገድ እንጥል ማስቆረጥ ዛሬም አልጠፋም። እንጥል ልጅን አያንቅም። ደም ማፍሰሱና ቁስሉ የሚያመጣው ኢንፌክሽን ግን ይገድላል።

ትን ያለው ሰው እየሳለ ከሆነ ይሳል፤ ከሳል የተሻለ መድኃኒት የለም። የድምፅ አውታሮቹ ተዘግተው ከሥር ግፊት ይጠራቀምና በድንገት ሲከፈቱ አየሩ በከፍተኛ ፍጥነት ይወጣል፤ የገባውንም ባዕድ ነገር ይዞት ይሄዳል። መናገርም መሳልም ካቃተው ግን መንገዱ ጨርሶ ተዘግቷል ማለት ነው። ያኔ ውሃ ማጠጣት አይረዳም። ወደ ፊት አጎንብሶ በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ በመዳፍ መምታት፣ ካልወጣም ከኋላ አቅፎ ከእምብርት በላይ በጡጫ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ መጫን፣ እስኪወጣም ሁለቱን ማፈራረቅ ነው። ሆድን የመጫኑን ዘዴ አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ሃይምሊክ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን ሆዱ አይጫንም።

ከማንቁርት በታች ያለው ቧንቧ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። እንዳይሟሽሽ የያዙት ቀለበቶች እንደ ጆሯችን ከልም አጥንት የተሠሩ ናቸው፤ ከኋላ በኩል ግን ክፍት ናቸው። ቧንቧው ደረት ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ ቅርንጫፍ ከግራው ሰፋ ያለና ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስለሆነ ሕፃን ልጅ ያመለጠው ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በቀኝ ሳንባ ነው። የግራው ሳንባ ለልብ ቦታ ስለለቀቀ አነስ ይላል፤ ሁለት ክፍል ብቻ አለው፣ የቀኙ ሦስት። ከዚያ በኋላ ቧንቧዎቹ ለሁለት ለሁለት እየተከፈሉ ይሄዳሉ፤ እስከ መጨረሻው 23 ጊዜ ያህል። ቀጭኖቹ ልም አጥንት የላቸውም፤ ዙሪያቸውን የሚይዛቸው ልስልስ ጡንቻ ነው። አስም ያለበት ሰው የሚያፏጨው ይህ ጡንቻ ስለሚኮማተርና የቧንቧው ውስጥ ስለሚያብጥ ነው።

በእነዚህ ቧንቧዎች ውስጥ ማንም የማያመሰግነው የጽዳት ሥራ ይካሄዳል። ግድግዳቸው ሲሊያ በሚባሉ ጥቃቅን ፀጉሮች ተሸፍኗል። በሰከንድ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ወደ አንድ አቅጣጫ እየተወዛወዙ አቧራና ጀርም የተለጠፈበትን አክታ ወደ ጉሮሮ ሽቅብ ይገፋሉ። ሳይታወቀን እንውጠዋለን፤ የቀረውን የጨጓራ አሲድ ይጨርሰዋል። የሲጋራ ጭስ እነዚህን ፀጉሮች ያደነዝዛል፣ ከጊዜ ብዛትም ያጠፋቸዋል። የአጫሽ የጠዋት ሳል የሚመጣው ሲሊያ ሊያወጡት ያልቻሉትን አክታ ሰውየው ራሱ በጉልበት ማውጣት ስለሚኖርበት ነው።

አንድ ተራ ትንፋሽ ግማሽ ሊትር አየር ይይዛል። ከዚህ 150 ሚሊ ሊትሩ ቧንቧዎቹን ብቻ ሞልቶ ጥቅም ሳይሰጥ ይመለሳል። ሒሳቡ ብዙ ይናገራል። በደቂቃ 12 ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሊትር የሚተነፍስ ሰው 6 ሊትር ያስገባል፤ 24 ጊዜ ሩብ ሩብ ሊትር የሚተነፍሰውም ያው 6 ሊትር ነው። ጥቅም ላይ የሚውለው ግን ለመጀመሪያው 4.2 ሊትር፣ ለሁለተኛው 2.4 ሊትር ብቻ ነው። ቶሎ ቶሎ ማለክለክ ያደክማል እንጂ አያጠግብም።

የመንገዱ መጨረሻ አልቪዮላይ የሚባሉት የአየር ከረጢቶች ናቸው። እያንዳንዱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ ያህል ነው፤ ብዛታቸው ግን በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራል። ተዘርግተው ቢለኩ 70 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናሉ፤ አንድ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ማለት ነው። እዚህ ነፋስ የለም። አየሩ መጓዙን አቁሟል፤ ኦክስጅኑ በራሱ ከበዛበት ወዳነሰበት እየተሰራጨ ይሄዳል። በአየሩና በደሙ መካከል ያለው ግድግዳ ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያነሰ ነው። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ በከረጢቱ አጠገብ የሚያልፈው በሰከንድ ሦስት አራተኛ ውስጥ ሲሆን ኦክስጅኑን ለመጫን ግን ሩብ ሰከንድ ይበቃዋል። ሲገባ 21 በመቶ የነበረው ኦክስጅን ሲወጣ 16 በመቶ ይሆናል፤ የተቃጠለው አየር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ደግሞ ከምንም ተነሥቶ 4 በመቶ ይደርሳል። ትንፋሽ ለጠፋበት ሰው በአፍ አየር መስጠት የሚሠራውም ከእኛ በሚወጣው ውስጥ ገና ይህን ያህል ኦክስጅን ስለሚቀር ነው።

ከረጢቶቹ ትንንሽና እርጥብ መሆናቸው አንድ ችግር ያመጣል፦ እርጥበቱ ወደ ውስጥ እየሳበ ሊገጥማቸው ይፈልጋል። ይህን የሚከለክለው ሰርፋክታንት የሚባል፣ ሳንባው ራሱ የሚያመነጨው ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ይህ ፈሳሽ ስለማይበቃው እያንዳንዱ ትንፋሽ ለእሱ እንደ መጀመሪያው ከባድ ነው። ምክንያቱን አሜሪካዊቷ ሐኪም ሜሪ ኤለን ኤቨሪ ከባልደረባዋ ጋር ያሳወቀችው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። ዕውቀቱ ግን ገና ወደ መድኃኒት አልተለወጠም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ በዚሁ ችግር በተወለደ በሁለት ቀኑ ሞተ። የኃያሏ አገር ፕሬዚዳንት ልጅ መሆኑ አላዳነውም። መፍትሔው ከሁለት በኩል መጣ። በኒውዚላንድ ግርሃም ሊጊንስ የተባለ ሐኪም ለነፍሰ ጡር በጎች ስቴሮይድ ሲሰጥ ያለ ጊዜው የተወለደ ጠቦት ይሞታል ሲባል ሲተነፍስ አገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ከሮስ ሃዊ ጋር በእናቶች ላይ ሠርቶ እንደሚያድን አሳየ። ጃፓናዊው ቴትሱሮ ፉጂዋራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ከላም ሳንባ የተገኘ ሰርፋክታንት በሕፃናት ሳንባ ውስጥ አፍስሶ ውጤቱን አሳተመ። ለውሻ የምንጥለው ሥጋ ዘመዱ ስንቱን ሕፃን አተረፈ!

የእኛ አገር ሰው ይህን ሁሉ የሚሠራው በሳሳ አየር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት ከጅቡቲው ሩብ ገደማ ያንሳል። የኦክስጅን ድርሻው ያው 21 በመቶ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ጠቅላላ አየር ግን ይቀንሳል። ከጂዳ ወይም ከዱባይ ለበዓል የመጣ ዘመድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው ስለ ሰነፈ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢል የምትመራው ቡድን በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ የአምባራስ ሰዎችን መርምሮ ያልጠበቀውን አገኘ። የአንዲስ ተራራ ሰዎች በሂሞግሎቢን ብዛት ይካካሳሉ፤ የቲቤት ሰዎች በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ብሎ ይኖራሉ። የአምባራስ ሰዎች ግን ሁለቱም ልኬታቸው ከባሕር ዳርቻ ነዋሪ ብዙም አልራቀም ነበር። በኋላ የመጡ ጥናቶች በኢትዮጵያ ደገኞች መካከልም ልዩነት እንዳለ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 የሜክሲኮ ኦሎምፒክ፣ 2,240 ሜትር ላይ፣ ማራቶኑን ማሞ ወልዴ ማሸነፉም ከዚህ ጋር ሲነሣ ይኖራል፤ ሳንባ ብቻውን ግን ሜዳልያ አያመጣም።

ሰውነታችን እንድንተነፍስ የሚያስገድደን በዋናነት ኦክስጅን ሲያንስ ሳይሆን የተቃጠለው አየር ሲጠራቀም መሆኑን ማወቅ ነፍስ ያድናል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዶ የሚተኛ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እያስወጣ ስለሆነ የመታፈን ስሜት አይሰማውም። ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ሂሞግሎቢኑ ላይ ይጣበቃል። ሰውየው ሳይነቃ ይሞታል። የማገዶ ጭስ ሌላው ጠላት ነው። ደቃቁ ብናኝ ከፀጉር ውፍረት ሃያ አምስት ጊዜ ያነሰ ስለሆነ የአፍንጫውንም የሲሊያውንም ዘብ አልፎ ከረጢቶቹ ድረስ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ምጣዱ በተጣደበት ማድ ቤት የጭስ መውጫ መክፈት፣ ሕፃን አዝሎም እንጀራ አለመጋገር ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ልጅዎ ሲያስለውና ሲያተኩሰው፣ ሳያለቅስ ወይም ሳይጠባ፣ ልብሱን ገልጠው ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከሁለት ወር በታች ለሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩንም አይጠብቁ። እስኪነጋ ሳይሉ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።